ስክሪኑ ይሙላ ወይስ ሰው ይምሰል?

በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ ልጃገረዶች ክብ ሠርተው በከበሮ ሶለል ይጫወታሉ። ጨዋታው በድሮ ካሜራ የተቀረጸ ከሆነ የምስሉ ወርድና ቁመት 4 ለ 3 ነው። ከላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ፍላት ቲቪ ሲገባ ግን 16 ለ 9 የሆነውን ስክሪን እንዲሞላ ይለጠጣል፤ ቁመቱ ባለበት ቀርቶ ወርዱ በሲሶ ይጨምራል። ክቡ ሞላላ ይሆናል፣ ቀጭኗ ልጅ ትወፍራለች። ነገሩ የሴቲንግ ጉዳይ ተብሎ ይታለፋል፤ እኔ ግን የእውነት ጥያቄ አለበት ባይ ነኝ። ምስል ዕዳው ለሚታየው ሰው ነው ወይስ ለሚታይበት መስታወት? ምስል ተሰሚነቱን ያገኘው ሰውየውን ስለመሰለ ነውና ዕዳው ለሰውየው ነው። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀምሮ በ1977 ቀለም ሲያገኝም ቅርጹ ያው 4 ለ 3 ነበር። በዚያ ቅርጽ ከተቀረጹት ብዙዎቹ አልፈዋል፤ «ይህ የእኔ ፊት አይደለም» ሊሉ አይችሉም።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልስ የሰውን መልክ ይለውጥ የለም ወይ? ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በጥንታዊ ሥዕሎቻችን ዓይን ከልኩ በላይ ይጎላል፣ ቅዱሳን ፊት ለፊት ሲሣሉ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ። ግን ሠዓሊው አስቦበት ነው፣ ምእመኑም ትርጉሙን ያውቃል። ቴሌቪዥኑ ሲለጥጥ ማንም ምንም አላለም፤ ቅዱሱንም ሌባውንም እኩል ያወፍራል። «ዓይን ይለምደዋል» የሚለውም አያሳምነኝም፤ የሞተውን ዘፋኝ በቲቪ ብቻ የሚያውቅ ልጅ የሚለምደው ሌላ ሰው ነው። ለትልቅ ስክሪን ገንዘብ ከፍሎ፣ ምስሉ ሳይለጠጥ ሲቀር በግራና በቀኝ የሚተርፈውን ጥቁር ማየት የሚያንገበግበው ሰው ቅሬታው ይገባኛል። ጥቁሩ ግን ቢያንስ ያልተቀረጸውን ተቀርጿል አይልም።

ጠርዝ መቁረጥስ ከመለጠጥ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? በድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል ምስሉ ይሰፋና ይጠብ ስለነበር፣ ዳሩ እንዳይታይ ሆን ተብሎ ከስክሪኑ ውጪ ይደረግ ነበር። በፍላት ቲቪ ምክንያቱ ቀርቷል፤ ልማዱ ግን በአንዳንዶቹ ላይ አለ፣ ከላፕቶፑ ምስል ዳርና ዳሩን ይበላል። የቀረው ክፍል ልኩን አልሳተምና ከመለጠጥ ይቀላል እላለሁ፤ የተቆረጠው የጽሑፍ መስመር ወይም ከክቡ ዳር የቆመች ልጅ እስካልሆነች ድረስ። ለዚህኛው መፍትሔው በሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ ነው፦ በኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ በሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» ይባላል። ለተለጠጠው 4 ለ 3 ይመረጣል፣ ወይም የላፕቶፑ ማጫወቻ የፊልሙን የራሱን ልክ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ቲቪው ምርጫው ከሌለው በላፕቶፑ የግራፊክስ ሴቲንግ ምስሉን ማሳነስ ይቻላል። ጥራቱ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ልጅቷ ግን ከነጓደኞቿ ትታያለች።