ዘፈኑን ወደን ዘፋኙን ስንንቅ

ልጅዎ አንድ ቀን ጊታር ተሸክሞ ቤት ቢገባና «ሙዚቀኛ መሆን እፈልጋለሁ» ቢል ምን ይሉታል? በናታንያ ቤቶቻችን ውስጥ መልሱ የታወቀ ነው። «አዝማሪ እንድትሆን ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው?» እንላለን። እንዲህ የምንለው ሰዎች ግን ሠርግ ቤት ትዝታ ሲዘፈን ዓይናችንን ጨፍነን የምናዳምጥ ነን።

ይህን ጥያቄ ያነሳነው ስለ ታዋቂዋ ክራር ተጫዋች ስለ አስናቀች ወርቁ የተሠራውን «አስኒ» የተባለ ፊልም ምክንያት በማድረግ ነው። ራሔል ሳሙኤል በ2013 ያቀረበችው ይህ ፊልም ልብ ወለድ አይደለም። ልጆቻችን በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው የውጭ አገር የፍቅር ፊልሞች ነገሩን ያቀሉታል፤ መጠጥ ያሸነፈው ጊታር መቺ አንዲት ልጅ ስትወደው ይድናል፣ ካልዳነም አሟሟቱ ያምራል። የአስናቀች ሕይወት ግን እንዲህ የሚቀል አይደለም። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን መድረክ ላይ ወጥታ የተወነች፣ በዚህም ከኢትዮጵያ ሴቶች ቀዳሚ የምትባል ናት። ሕዝቡ ድምፅዋን ወደደ፤ ስለ ፍቅሯና ስለ አኗኗሯ ግን አማት። በ2003 «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛውን ቅጽ ለእርሷ ሰጠ፤ በ2011 አረፈች።

ሥራውን ተቀብሎ ሠሪውን መናቅ ምን እንደሆነ ከእኛ ከቤተ እስራኤል የበለጠ ማን ያውቃል? በጎንደር አካባቢ፣ በወለቃም ሆነ በሌላው መንደር፣ አባቶቻችን ማረሻና ማጭድ ቀጥቅጠዋል፤ እናቶቻችን እንስራና ድስት ሠርተዋል። ጎረቤት በማረሻው አርሶ፣ በእንስራው ውሃ ቀድቶ፣ ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ ይሸሸው ነበር። ያ ስድብ እስከ ዛሬ ከሽማግሌዎቻችን ልብ አልወጣም። እኛም ለአዝማሪው እያጨበጨብን በግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን፣ ልጃችንን ሊያገባ ቢጠይቅ ግን በሩን የምንዘጋበት ከሆነ፣ ልዩነቱ ምን ላይ ነው?

አንድ አባት «አንጥረኛ ማንንም አልጎዳም፤ ዘፋኝ ግን ይጠጣል፣ ቤቱን ይበትናል» ይሉን ይሆናል። ይህ ከንቱ ክርክር አይደለም። የማታ ሥራ ነው፤ ገቢው አንድ ወር ይኖራል፣ አንድ ወር ይጠፋል። ነገር ግን ሹፌርም ይጠጣል፣ ግንበኛም ይጠጣል፤ በዚህ ምክንያት ሹፌርነትን የሰደበ ሰው አልሰማንም። ደግሞም በሙያው ምክንያት ከቤተሰቡ የተገፋ ልጅ የሚጠጋው ወደ ማን እንደሆነ እናስብ። አንዳንዴ የምንፈራውን ነገር የሚያመጣው የራሳችን ንቀት ነው ብለን እናምናለን።

በሌላ በኩል ሙያን ማክበር ጥፋትን መሸፈን አይደለም። ሚስቱን የሚመታ ሰው ድምፁ ምንም ቢጣፍጥ ያው ሚስቱን የሚመታ ሰው ነው። «አርቲስት ስለሆነ ነው» የሚባለውን ማመካኛ አንቀበልም። በተለይ ለሴቶች ልጆቻችን ይህን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል፤ «ፍቅርሽ ያድነዋል» የሚላቸው ፊልሙ ነው፣ ኑሮ እንዲህ አይልም። የታመመ ሰው ሐኪም ያስፈልገዋል፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሐኪም አይደለችም። አስናቀችን ስናከብርም የኖረችውን ሁሉ ልጆቻችን እንዲኖሩት ተመኘን ማለት አይደለም።

ከእኛው ከተማም የሚጠቀስ አለ። አስቴር ራዳ በ1985 በኪርያት አርባ ተወልዳ ከ10 ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እዚሁ ናታንያ ነው። በ2014 ባወጣችው አልበም ውስጥ በሙሉቀን መለሰ የሚታወቀውን «ናኑ ነይ» ተጫውታለች። ሙሉቀን ራሱ ግን በሃይማኖቱ ምክንያት ዓለማዊ ዘፈንን እርግፍ አድርጎ ትቶ በ2024 በአሜሪካ አርፏል። ባለቤቱ የተወውን ዘፈን አማርኛን በስደት አገር የሰማች ልጅ አነሳችው።

ልጆቻቸው መድረክ ላይ የወጡ ወላጆች በዚያች ምሽት ምን እንደተሰማቸው፣ ዘመድስ ምን እንዳላቸው ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። በአማርኛም በዕብራይስጥም መጻፍ ይቻላል።