ከጋኑ የዳነው ሕፃን በሰይፍ ዐረፈ
ወጣቶቻችን በአስቸጋሪ ነገር ለእግዚአብሔር ስለ መታዘዛቸው

ወጣቶቻችን ለእግዚአብሔር እንዲታዘዙ ማስተማር የካህናትም የወላጆችም ሥራ ነው። መታዘዙ ቀላል በሆነ ጊዜ ትምህርቱም ቀላል ይሆናል። መጾምንና ማስቀደስን፣ ታላቅን ማክበርንና ለድኻ መመጽወትን ልጅ ከእናቱ ጕልበት ሥር ሆኖ ይለምደዋል። ፈተናው የሚመጣው ትእዛዙን መጠበቅ እንጀራን ወይም ወዳጅን ወይም ሕይወትን የሚያሳጣ የሆነ እንደ ሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቀናል፤ ይኸውም «ብታዘዝ እግዚአብሔር ከሚመጣብኝ ክፉ ነገር ያድነኛልን?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ልንሰጠው የሚገባን መልስ ምንድር ነው?

ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነው አይደለም። በአዲስ አበባ ቄራ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከተቋቋመው የከብት ማረጃ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ወጣት በቢላዋና በሚዛን እንጀራውን ሲበላ ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሉካንዳ ቤት ይሠራ የነበረ የንስሓ ልጃችን ወደ እኛ መጣ። አሠሪው ሚዛኑን በጣቱ እየተጫነ እንዲመዝን፣ የትናንቱንም ሥጋ የዛሬ ነው ብሎ እንዲሸጥ አዝዞት ነበር። ልጁ መበለት እናቱንና ታናሽ እኅቱን የሚረዳው እርሱ ብቻ ነበረ። «አባቴ፣ እንቢ ያልሁ እንደ ሆነ ያስወጣኛል፤ ምን ላድርግ?» አለን። እኛም ጥቂት እንኳ ሳናስብ «አትስረቅ፤ ይህን ብትተው እግዚአብሔር የተሻለ ይሰጥሃል» ብለን አሰናበትነው።

ልጁም ታዘዘ፤ በሳምንቱም ከሥራው ወጣ። የተሻለው ሥራ ግን አልመጣም። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ፤ እኅቱም ትምህርቷን አቋርጣ በሰው ቤት ተቀጠረች። ከዚህ በኋላ ተመልሶ መጣና፣ ምንም ቍጣ ሳያሳይ፣ «አባቴ፣ ያን ጊዜ የነገሩኝ የእግዚአብሔር ቃል ነበረ ወይስ የራስዎ?» ሲል ጠየቀን። የምንመልስለት አጣን።

ነገሩን ደጋግመን ስንመረምረው የነገርነው ቃል ሁለት ክፍል ያለው ሆኖ አገኘነው። አትስረቅ ያልነው የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው፤ በሙሴ ሕግም በሰሎሞንም ምሳሌ ሐሰተኛ ሚዛን የተነቀፈ መሆኑን የማያውቅ ካህን የለም። የተሻለ ሥራ በቅርቡ ታገኛለህ ማለታችን ግን የራሳችን ነበረ። እግዚአብሔር ያላለውን ተስፋ በእግዚአብሔር ስም ሰጠነው። ትእዛዙ የመረረ ስለ መሰለን ልናጣፍጠው ፈለግን፤ ልጁም ማሩን ብቻ ይዞ ሄደ፤ ማሩ ባለቀ ጊዜ ትእዛዙም ውሸት መሰለው።

ትክክለኛው መልስ ግን በደጃችን ነበረ። ያ አካባቢ የሚጠራው በሦስት ዓመቱ ሕፃን ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ነው። እናቱ ቅድስት ኢየሉጣ ከመኰንኑ ከእስክንድሮስ ፊት ልጅዋን ይዛ ሸሸች፤ በሸሸችበትም አገር መኰንኑ አገኛት። ለጣዖት እንዲሰግዱ ቢያስገድዳቸው እንቢ አሉ። ስለዚህ በታላቅ ጋን ውሃ አፍልተው ሊጥሏቸው ወሰዷቸው፤ የፍላቱም ድምፅ እንደ ነጐድጓድ ነበረ። ኢየሉጣም ይህን በሰማች ጊዜ ፈራች፤ ልብዋም ከዳት። ያጸናት ያ ሕፃን ነበረ፤ ስለ እርስዋ ጸለየ፤ እንድትጨክንም ነገራት። ፍርሃትዋም ከርቀ በኋላ ወደ ጋኑ ገቡ፤ ቅዱስ ገብርኤልም ወርዶ የፈላውን ውሃ አቀዘቀዘው። ይህን ሐምሌ 19 ቀን በታላቅ ደስታ እናከብራለን።

ነገር ግን የቂርቆስ ታሪክ በሐምሌ አያልቅም። ከእሳትና ከፍል ውሃ የዳነው ይኸው ሕፃን በመጨረሻ በሰይፍ ተሠዋ፤ የዕረፍቱም በዓል ጥር 15 ቀን ነው። በሐምሌም በጥርም ያው አንድ ሕፃን ነበረ፤ እምነቱም አልተለወጠም። እንግዲህ በሐምሌ እግዚአብሔር ቀርቦ ነበረ፣ በጥር ግን ርቆ ነበረ ልንል ነውን? ይህስ ከቶ አይባልም። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ቀን በእልልታ የምታከብረው በሁለቱም ቀን እግዚአብሔር ከእርሱ ጋራ እንደ ነበረ ስለምታምን ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 የተጻፈውም ይህንኑ ያስረዳል። አንዱ ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው፤ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። ያዕቆብ እምነቱ አንሶ፣ ጴጥሮስም በዝቶለት አይደለም። ሠለስቱ ደቂቅም በናቡከደነፆር ፊት በቆሙ ጊዜ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ሳያድናቸውም ቢቀር ለምስሉ እንደማይሰግዱ አስታወቁ። እነርሱ ወደ እሳቱ ሲገቡ መልአኩ ገና አልታየም ነበር። መታዘዛቸው ከመዳናቸው በፊት ነበረ፤ በመዳናቸውም ላይ የተመሠረተ አልነበረም።

በአገራችንም የዚህ ምስክር አለን። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በፋሺስት ኢጣልያ እጅ በወደቁ ጊዜ ለወራሪው እንዲገዙና አርበኞችን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እንቢ ስላሉም ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። ከገብርኤል በዓል በኋላ ገና ሦስተኛው ቀን ነበረ። ጥይቱን ያበረደ መልአክ አልታየም። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣም እርሳቸው በሥጋ አላዩትም። ሆኖም እግዚአብሔር ጣላቸው የሚል ክርስቲያን አናውቅም።

አንዳንድ ሰው «ለወጣቱ እንዲህ ያለውን ብትነግሩት ይሸሻችኋል» ይለን ይሆናል። እኛ ያየነው ግን ሌላ ነው። ዋጋ እየቈጠረ የታዘዘ ወጣት ዋጋው በቀረ ቀን ይሄዳል፤ ሲሄድም እግዚአብሔርን ሐሰተኛ አድርጎ ነው። አስቀድሞ እውነቱን የሰማ ግን መከራው ሲመጣ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ጌታችን ለተከታዮቹ መስቀልን አስቀድሞ ነገራቸው፤ የተስፋ ቃሉም እስከ መጨረሻው ከእነርሱ ጋራ እንደሚሆን ነው። በእግዚአብሔር መታመን ማለት በዚህ ቃል ላይ መደገፍ ነው።

ይህንንም ስንል ሁለት ነገር እንዲታወቅ እንወዳለን። መጀመሪያ፣ የከበደ ትእዛዝ ሁሉ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አይደለም። አባት ወይም አሠሪ፣ እኛም ካህናት ብንሆን፣ የራሳችንን ፈቃድ በእግዚአብሔር ስም ሸፍነን በልጅ ጫንቃ ላይ ልንጭን እንችላለን፤ ስለዚህ ወጣቱ የታዘዘውን በተጻፈው ሕግ እንዲመረምር ልናስተምረው ይገባል። ሁለተኛ፣ መፍራት ክህደት አይደለም። ኢየሉጣ ፈርታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ፍርሃትዋን ሳትደብቅ ቅድስት ትላታለች። የሚፈራውን ወጣት እምነት የለህም ብሎ መገሠጽ ሸክሙን እጥፍ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን እንወቅ፤ ኢየሉጣና ቂርቆስ ወደ ጋኑ የገቡት አብረው ነው። እኛ ግን ያን ልጅ ብቻውን ልከነው በደጅ ቆመን ነበር። ትእዛዙን ስንነግረው እናቱ ምን ትበላለች ብለን አልጠየቅንም፤ ከሥራ በወጣም ጊዜ ቤቱን አልጐበኘንም። ለአስቸጋሪ መታዘዝ ልጅን የሚጠራ መምህር የመከራው ተካፋይ ሊሆን ግዴታ አለበት። ይህ ከገባን በኋላ ለአጥቢያው ሰንበቴ ማኅበርተኞች ነገርናቸው፤ ስንቅ ሰበሰቡ፤ እኅቱም ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። እርሱም የጭነት ሥራ አገኘ፤ የሚያገኘው ገንዘብ ከቀድሞው ያነሰ ነው። የተሻለ አልተሰጠውም፤ እኛም ተሰጠው ብለን አንዋሽም።

ለጥያቄውም በመጨረሻ እንዲህ ስንል መለስንለት፤ «ልጄ፣ አትስረቅ ያልሁህ የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ የቀረው የእኔ ነበረና ይቅር በለኝ»። እርሱም ጕልበታችንን ስሞ «ይህን ያን ጊዜ ቢነግሩኝም እታዘዝ ነበር» አለን። እናትን ያጸናት ሕፃን እንደ ነበረ በዚያን ቀን ገባን።

የሰማዕቱ የቅዱስ ቂርቆስና የእናቱ የቅድስት ኢየሉጣ ጸሎት ወጣቶቻችንን ያጽናልን፤ ለእኛም እውነቱን የምንናገርበት አፍ፣ ሸክማቸውንም የምንካፈልበት ትከሻ ይስጠን። አሜን።