«ማዳን» ስንል፦ ከምን? ለማን?

ቃል እንደ መያዣ ዕቃ ነው። አንዱ መያዣ ዛሬ እህል፥ ነገ ጨው እንደሚይዝ፥ አንዱም ቃል በተናጋሪው አፍ አንድ ነገር፥ በሰሚው ጆሮ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጻሕፍት ሊቃውንት አንዲቱን ቃል ሲተረጕሙ «አንድም» እያሉ ምሥጢሯን ይዘረዝራሉ እንጂ፥ ፈጥና በመጣችው ትርጉም ብቻ አይቆሙም። ይህ ጥንቃቄ ለጉባኤ ቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ በየዕለቱ ንግግራችንም ያስፈልገናል።

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በሌሎችም የወለጋ ከተሞች ልጆች በእንግሊዝኛ ትምህርታቸው ከሚያገኟቸው የተለመዱ ቃላት አንዱ «ሴቭ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ከላቲን የወረደ ሲሆን፥ ሥሩ ጤነኛ፥ ሙሉ፥ ጉዳት ያላገኘው ማለት ነው። ዛሬ ግን ቅርንጫፉ በዝቷል። በውኃ የተወሰደውን ማውጣት ሴቭ ነው፤ ገንዘብን በባንክ ማኖር ሴቭ ነው፤ ጊዜንና ድካምን ማትረፍ ሴቭ ነው፤ ግብ ጠባቂ ኳስን ሲመልስም እንዲሁ ይባላል። ወጣቶቻችን የስልክ ቍጥር ሲመዘግቡ ቃሉን እንዳለ ወስደው «ሴቭ አድርገው» ይባባላሉ። ከዚህም ሁሉ ጋር የነፍስ መዳንና የመድኃኔ ዓለም ስም በእንግሊዝኛ ከዚሁ ሥር ይወጣሉ።

አማርኛችን ይህን አንዱን ቃል በብዙ ቃላት ይከፍለዋል። በአደጋ ላይ ላለው ሲደርሱለት «ታደገ»፥ ዋጋ ከፍለው ነፃ ሲያወጡት «ዋጀ»፥ ክፉ ሳይደርስበት ሲከልሉት «ጠበቀ»፥ እጅን ከማባከን ሲገቱ «ቈጠበ» እንላለን። «አተረፈ» የሚለው ቃል ደግሞ በሁለት በር ይገባል፤ ቡናውን በደኅና ዋጋ የሸጠ ነጋዴ «አተረፈ» ይባላል፥ ልጅን ከሞት አፍ ያስጣለም «አተረፈ» ይባላል። እንግዲህ አንዱ ቃል ሁለቱን ከያዘ፥ የትኛው ትርፍ ለየትኛው ይገዛ? ጥያቄው የሰዋስው ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጥያቄ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን «ዳነ» የሚለው ነው። በግዕዝ «ድኅነ» ከሚለው ሥር ደኅንነት፥ ድኅነት፥ መድኃኒት የሚሉት ይወጣሉ። የታመመው ዳነ፤ ኃጢአተኛውም ዳነ። ከሐኪም የምንቀበለው መድኃኒት ነው፤ የክርስቶስም ስም መድኃኒታችን ነው። ማለዳ «ደኅና አደሩ?» ስንባባልም ሳናስበው የዚህን ሥር ቃል እናነሣለን። የወለጋ ሕዝብ በሚናገረው በኦሮምኛም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ «ፈያ» ጤና ሲሆን፥ «ፈይሱ» መፈወስም ማዳንም ነው፤ «ፈይሳ» የሚለው የሰው ስምም ከዚሁ ይመነጫል። ሁለቱ ቋንቋዎች በዚህ ነገር የተስማሙት የሰውን ሥጋና ነፍስ እንደ ሁለት እንግዶች ስላላዩአቸው ይመስለናል።

ይህን አንድነት የዘነጋ ሰው ግን ብዙ ጉዳት ያመጣል። «የምታምን ከሆነ የሐኪሙን መድኃኒት ተው፤ ጠበሉ ብቻ ያድንሃል» ብሎ በሽተኛን የሚመክር፥ ለእምነት የቀና ይመስለዋል፤ ነገር ግን አንዱን የመዳን ትርጉም በሌላው ላይ አስነሥቶ ያጣላል። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ከጠበሉ ጋር መድኃኒታቸውን ቢወስዱ እንደማይከለከል በይፋ ተናግረዋል። በቃል አተረጓጐም የሚደርስ ስሕተት የወረቀት ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰው ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ስለዚህ «ማዳን» የሚለውን ቃል ስንሰማም ሆነ ስንናገር ሁለት ጥያቄ ልንጠይቅ ይገባናል፤ ይኸውም «ከምን?» እና «ለማን?» የሚል ነው። በግብፅ ምድር ዮሴፍ ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ፤ በወንጌል የተነገረለትም ባለጠጋ ጐተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ፥ እህሉንም ሊያከማች አሰበ። ሁለቱም ስለሚመጣው ዘመን አሰቡ። ነገር ግን ዮሴፍ ያከማቸው ከራብ ለማዳን፥ ለሕዝብም ለመስጠት ነበረ፤ ባለጠጋው ለራሱ ብቻ አሰበ፥ በዚያችም ሌሊት ነፍሱ ተፈለገች። ቅዱስ ጄሮም በላቲን ትርጉሙ ፈርዖን ለዮሴፍ ያወጣለትን ስም «የዓለም መድኃኒት» ብሎ መተርጐሙ የሚያስገርም አይደለም፤ ቍጠባው ለሌላው ሲሆን ማዳን ሆኗልና። በቤቱ ጐተራ፥ በባንክም ገንዘብ ያለው ምእመን ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ለአንዱ ይመስላል።

በዚሁ በወለጋ ሌላ ምሳሌ አለ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1870 በምጽዋ ነፃ ወጣ፤ አስቴር ጋኖም ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 ተይዞ ከተመለሰው መርከብ ነፃ ወጣች። የተከተሉት የእምነት መንገድ ከቤተ ክርስቲያናችን የተለየ ቢሆንም፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ አብረው ደከሙ፤ መጽሐፉ በ1899 ታተመ። በ1904ም ወደ ነቀምቴ መጥተው ማንበብን አስተማሩ። ከምን ዳኑ? ከባርነት። ለማን? ነፃነታቸውን ለራሳቸው ዕረፍት ብቻ አላኖሩትም፤ ፊደል ላላገኘው ወገናቸው አዋሉት እንጂ።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ በቀራንዮ ተገልጧል። አላፊዎቹና የካህናት አለቆች ጌታችን ሌሎችን አድኖ ራሱን ማዳን እንዳቃተው ተናግረው ተሳለቁበት። ቃሉን ያውቁታል፤ ትርጓሜውን ግን አላወቁም። ለእነርሱ መዳን ማለት ከመስቀል መውረድ ነበረ፤ እርሱ ግን ራሱን ቢያድን ኖሮ እኛ ባልዳንን ነበር። አንዱን ቃል ሁለት ወገን ተናገረው፤ አንዱ ለመሳለቅ፥ አንዱ በመሞት።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ በሕሙማን ራስጌ ስትቆሙ «ትድናለህ» የምትሉት ቃል ሥጋንና ነፍስን አንድ አድርጎ እንደሚይዝ አስቡ፤ መስቀላችሁንና የሐኪሙን እጅ አታጣሉአቸው። ምእመናንም ሆይ፥ የምታኖሩት ገንዘብ፥ የምትጠብቁት ጤና፥ የምታተርፉት ጊዜ ለማን እንደ ሆነ ጠይቁ። የተራበ ጐረቤት በራችሁን ሲመታ የቍጠባችሁ ትርጓሜ ያን ጊዜ ይገለጣል። በመዝገበ ቃላት ቢፈልጉት ትርጉሙ ብዙ ነው፤ በፍርድ ቀን ግን የምንጠየቀው ማንን እንዳዳንንበት ነው።