መደቡ ላይ ስንት ሽንኩርት አለ?

አንድ ወጣት ከደብረ ብርሃን አዳማ ወርዶ ሽንኩርት ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ያዥ ሆነ። አዳማ አማርኛ ብቻ ይዞ ውሎ ማደር የሚቻልባት ከተማ ናት፤ ባጃጁም ሻይ ቤቱም አያስቸግርም። ልጁ ግን ትጉህ ነበርና ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቶ ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈለ፤ በግራ ኦሮምኛው፣ በቀኝ አማርኛው። ቢሻን፣ ውኃ። ቡዴና፣ እንጀራ። ራፉ፣ ጎመን። ረፉ፣ መተኛት። ማታ ማታ ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል። በሦስት ወሩ ሦስት መቶ ቃል ሞላለት።

በበጋው ነጋዴው ማሳ ላይ ሆኖ ምርት እንዲቆጥር ወደ መቂ ላከው። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጎመን ሻጭ ፊት ቆመ። ቃሉን ያውቀዋል፤ በየትኛው ገጽ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ሳይቀር ያውቀዋል። «ረፉን በርባዳ» አላት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው፤ ባዶ ማዳበሪያ ከጎኗ አነጠፈችና በእጇ መታ መታ አድርጋ «ና፣ ተኛ» አለችው። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። «ራ» ብሎ መሳብ የነበረበትን «ረ» ብሎ ስላሳጠረው፣ ጎመን ሊገዛ የመጣ ሰው እንቅልፍ ፈለግሁ ብሎ ነበር።

ማሳውን የሚያጠጡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በጎልማስነታቸው ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ፣ ከከምባታና ከሐዲያ ከመጡ ቆራጮች ጋር አማርኛን እየተሳሳቱ አብረው የለመዱ ናቸው፤ ደብተር ይዘው አያውቁም። የገበያው ወሬ ከልጁ ቀድሞ ደርሷቸዋል።

«ስንት ቃል አለህ፣ ልጄ?»

«ሦስት መቶ፣ አባባ።»

«የታል?»

ደብተሩን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን ክንዱን ይዘው ችግኙ ወደፈላበት መደብ ወሰዱት። ቦምቤ ሬድ የሚባለው ዝርያ ነው፤ እንደ ሕፃን ፀጉር ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል።

«እስቲ ንገረኝ፣ እዚህ መደብ ላይ ስንት ሽንኩርት አለ?»

ሒሳብ ያዥ አይደል፣ ሊቆጥር ጎንበስ አለ።

«አትልፋ። አንድም የለም። እዚሁ ከተውኩት ተጨናንቆ ቅጠል ሆኖ ይቀራል።»

ችግኙ የአንድ ወር ተኩል ዕድሜ ሲሞላው ነቅለው አስተከሉት፤ በአንዱና በአንዱ መካከል ዐሥር ሳንቲ ሜትር ያህል እየተወ፣ በትልሙ ግራና ቀኝ። ሦስት መስመር «ያንተ ነው» ብለው ሰጡት። ልጁ ደስ ብሎት ሌሊቱን ፓምፑን አስነሥቶ መስመሮቹ ላይ ውኃ አስተኛባቸው፤ ከዚያ የወር ሒሳብ ሊዘጋ ወደ አዳማ ሄደ። ከዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ሲመለስ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ችግኙም ጋደም ብሏል።

«ውኃ ቸግሮት ነው?» አሉት ሽማግሌው።

«ኧረ ብዙ አጠጥቼዋለሁ፣ አባባ።»

«የዚያን ሌሊቱ የዚያን ሌሊት ሰምጦ ሄደ። የሽንኩርት ሥር እላይ ነው፤ ከሥር ያለፈው ውኃ የሱ አይደለም። በሦስት በአራት ቀን ጥቂት ጥቂት እያልህ፣ ሊጠወልግ ሲል ድረስለት።»

ከመደቡ የተረፈውን ችግኝ እንደገና ተከሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ያነሡና «ኩን ማሊ?» ይሉታል፤ ይህ ምንድን ነው? መልሱን ከአፉ አይነጥቁትም። ሲጠፋበት ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ዝምታቸው ደግሞ ከፓምፑ ድምፅ በላይ ያስጨንቃል። የሳተውን በማግሥቱ ያመጡበታል፤ ያገኘውን ለአራት ቀን፣ ቀጥሎ ለሳምንት ይተዉለታል። ገበያ ሲልኩትም በአንድ ቃል ነው፦ ዛሬ ቁሉቢ፣ ሽንኩርት፤ ነገ ሒርኢሲ፣ ቀንሽልኝ።

ይህ ምሳሌ ደብተር እንዲቃጠል አይልም፤ መደብ የሌለው ምን ይተክላል? የሽማግሌውን የውኃ ተራ ግን ሳስበው ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ትዝ ይለኛል። ትርጉም የለሽ ድምፆችን በራሱ ላይ እየሞከረ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ የተጠና ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን፣ ተራርቆ የተደጋገመው ደግሞ ባንድ ቀን ከታጨቀው ይልቅ እንደሚጸና አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰባስቲያን ላይትነር ይህንኑ በካርዶችና በካርቶን ሣጥን አደረገው፦ የታወቀው ካርድ ራቅ ወዳለው ክፍል ያልፋል፣ የተሳተው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በየመማሪያ ክፍላችን ግን ሃያ ቃል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ «ለነገ አጥኑ» ይባላል። ነገ ይጠየቃል። ከነገ ወዲያ የሚጠይቅ የለም።

ከእነዚህ ሰዎች ይልቅ እኔን የሚመስጠኝ የኦኔሲሞስ ነሲብ ነገር ነው። በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ከአገሩ የራቀ፣ ነፃ ወጥቶ እስከ ስዊድን ተምሮ የመጣ ሰው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ ሲቀመጥ የእናቱ ቋንቋ አጠረው። ማንም ስለማይጠይቀው ደርቆበት ነበር። ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን የረዳችው አስቴር ጋኖ፣ እሷም ከባርነት ነፃ የወጣች፣ ቋንቋውን ከነተረቱና ከነዘፈኑ ይዛ ነበርና ቃላቱን እያሰበች ለቀመችለት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ የሁለቱ ድካም ነው። የተማረው እሱ፣ ቃሉ ያለው እሷ ዘንድ!

ሒሳብ ያዡ ዛሬም መቂ ይመላለሳል፤ ደብተሩም አልጠፋም። ጎመን ሻጯ ከሩቅ ስታየው «ረፍቴ?» ትለዋለች፤ ተኛህ ወይ?

«ሂን ረፍኔ» ይላታል፤ አልተኛሁም። ከዚያም «ራ»ውን ከሚገባው በላይ እየጎተተ፣ «ራፉን በርባዳ።»