ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ፣ ሕንጣሎ ከተማ ሲደርስ የአገሩን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ (የአገራችንን ቼዝ) ሲጫወቱ ያገኛቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሻካራ ናቸው። የባላጋራውን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ነው ከቦታው የሚያስለቅቀው። ጫጫታው ለብቻው ነው፤ በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ሐሳብ ይሰጣል፤ ሲብስበትም ጠጠሩን አፈፍ አድርጎ ወዴት ቢሄድ እንደሚሻል ያሳያል። ሶልት አንድ ነገር ሳይታዘብ አላለፈም፦ በብልሃት ብለው ብለው ሁልጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

እንግዲህ ለጥንቱ የሰንጠረዥ ሊቅ መታሰቢያ እናቁም ብንል፣ ለማን ነው? ስማቸው በመጽሐፍ የቀረልን ጌቶቹ ናቸው። ጌታን ሳያስነቁ መሸነፍ ደግሞ ከማሸነፍ የከበደ ችሎታ ይመስለኛል፤ የራስንም የሰውንም ጨዋታ አንድ ላይ መጫወት ነውና። እንዲህ እያወቀ ለራሱ የተሸነፈውን ሎሌ ስም ግን የጻፈው የለም።

ለሌላው ዓለም የሰንጠረዥ ሊቅን ማስታወስ የቀለለለት ጨዋታውን ስለሚመዘግብ ነው። ፓሪስ፣ ሞንፓርናስ የሚገኘው የቼዝ ሻምፒዮኑ የአሌክሳንደር አሌኪን የመቃብር ድንጋይ የልደቱንም የሞቱንም ቀን አሳስቶ ይዟል። ምን ጎደለበት? የተጫወታቸው ጨዋታዎች ተጽፈው ዛሬም ይጠናሉ። ኩባ በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የራሷን የቼዝ ሻምፒዮን ካፓብላንካን የምታስበው በስሙ በሚካሄድ ውድድር ነው። ይኼኛው ለእኛ ይቀርባል።

ለወሎ ሰው በተለይ። በከሚሴና በጨፋ አካባቢ የሞተ ሰው በቆመ ምስል አይታሰብም። ወዳጃ የሚባለው የጸሎት ስብሰባ ይጠራል፤ ቡና ይፈላል፣ ጫት ይቀርባል፣ ዱዓ ይደረጋል። የሚመርቀው አንድ ሽማግሌ ነው፤ ግን አሚን ባይ ከሌለ ምርቃቱ ምን ሊሆን?

ስለዚህ ከሚሴ ላይ፣ የደሴ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ከነሐስ ሐውልት ይልቅ የሰንጠረዥ ጨርቅ ተዘርግቶ ባይ እመርጣለሁ፦ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ሳይፈራረቅበት በመስመር ብቻ 64 ቤት የተከፈለ። ጨዋታውም በድሮው ሕግ። መጀመሪያ ወረራ ነው፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። መጨረሻው ላይ ደግሞ ንጉሡን በፈረስ መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በእግረኛ የያዘው ነው የሚወደሰው። ይህን ወግ ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ጣዕሙ ግን የሊቅ ነው።

ስም ያልተጠራበት መታሰቢያ ማንን ያስታውሳል? ቢባል፣ ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ወዳጃም ቢሆን ሟቹን በስሙ ነው የሚያነሣው፤ ጨርቅ ስለዘረጋን ሎሌው አይነሣልንም። ሐውልቱን ለራስ ወልደ ሥላሴ ብቻ ብናቆም ግን፣ እሳቸው እንዲያሸንፉ ከሚያደርጉት ተርታ እኛም ገባን ማለት ነው፤ ያውም የሚያስፈራን ጌታ በሌለበት።