ገመናው የማን ነው?

አስፈሪ ልቦለድ ሳነብ እንቅልፍ የሚነሳኝ ደሙ አይደለም፤ ከደሙ በፊት የሚመጣው ደግነት ነው። አሜሪካዊው ቶማስ ትራዮን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሃርቨስት ሆም» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኔድ የተባለ ሰው ኒውዮርክን ትቶ፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ፣ በኮኔቲከት ግዛት ወዳለች በቆሎ አብቃይ መንደር ይገባል። ጎረቤቱ በደስታ ይቀበለዋል። መድኃኒት አዋቂዋ ባልቴት ፎርቹን አስም ያለባትን ልጁን ታክምለታለች። እንዲህ ያለ ሰፈር ማን ይጠላል?

ምስጢሩ ቀስ እያለ ነው የሚገለጠው። መንደሩ በየሰባት ዓመቱ አንድ ወጣት «የመከር ጌታ» ብሎ ይሾማል፤ ያከብረዋል፣ ያሞግሰዋል፤ ዘመኑ ሲያበቃ ግን አዝመራው እንዲሰምር ይገደላል። የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የሚያወራ የለም።

ታዲያ በእጁ ያልገደለ፣ ግን አውቆ ዝም ያለ ሰው ከደሙ ንጹሕ ነው?

እኛ ለዝምታ ብዙ የክብር ስም አለን። ሆድ ይፍጀው እንላለን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። የሰው ገመና የሚሸፍን ጨዋ ነው፤ እኔም የማምነው እንደዚያ ነው። የጎረቤት ማጣት፣ የባልና ሚስት ጠብ አደባባይ ባይወጣ ማን ተጎዳ? ነገር ግን ገመና የሚሸፈነው ለባለገመናው ሲባል ነው። የዚያ መንደር ዝምታ የሚሸፍነው ሟቹን ሳይሆን ገዳዩን ነው። ከዚህ የተሻለ መለያ አላገኘሁም።

«ተሿሚው ራሱ ፈቅዶ የለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ለቀጣዩ ሹመት የታጨው ወርዚ አልፈልግም ብሎ ሸሸ። አሳደው ያዙት፤ ሕይወቱንም አጣ። እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ እሺታ ፈቃድ አይባልም።

ዝም ያለ ሁሉ ከገዳይ እኩል ነው አልልም። የፈራ አለ፤ ልጆቹን ያሰበ አለ። ፍርሃቱን ጨዋነት ብሎ የጠራው ዕለት ግን፣ እሱም የማኅበሩ አባል ሆነ።

ኔድ ተደብቆ ሥርዓቱን አየ። አልገደሉትም፤ ዓይኑንና ምላሱን ወሰዱበት። የተቀረው መንደርተኛ ዓይንም ምላስም አለው። አይቶ እንዳላየ መሆን ስለሚችል ማንም አልነካበትም።