ደሩራው የማን ነው?

አንድ የሕክምና ተማሪ መጽሐፍ በማንበብ ብቻ ሐኪም አይሆንም። የሕመምተኛን ሆድ በዓይኑ ማየት፣ በማዳመጫው ማዳመጥ፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን መለየት፣ በመጨረሻም በእጁ መዳሰስ አለበት። ጉበት ማበጡን፣ ጣፊያ ማደጉን የሚነግረው እጁ ነው። ሕመምተኛዋ ሴት ስትሆን ምርመራው ከዚህም ያልፋል። ጓንት ባጠለቀ እጁ ሁለት ጣት ከውስጥ፣ ሌላውን እጁን ከእምብርት በታች አድርጎ የማህፀንን መጠንና አቀማመጥ መለየት ይማራል። ይህን በቅጡ ሳይማር የተመረቀ ሐኪም ከማህፀን ውጭ የተፈጠረን እርግዝና ተራ ቁርጠት ነው ብሎ እናቲቱን ወደ ቤቷ ሊሸኛት ይችላል። እርሷም ደሟ ውስጥ ለውስጥ ፈስሶ ልትሞት ትችላለች።

በሌላ በኩል ይህ አካል ዐውራ ነው። ሴት ልጅ ከገዛ እህቷ እንኳ የምትሰውረው ነው። ለመሆኑ ተማሪው ይህን አካል ለመማር ሲል እንዲያይና እንዲነካ የሚፈቅድለት ማን ነው?

ብዙዎቻችን መልሱን ለመስጠት እንቸኩላለን። «ደሩራ ነው» ብለን እናልፈዋለን። እርግጥ ነው፣ የፊቅህ ሊቃውንት የግድ የሆነ ችግር ክልክሉን እንደሚፈቅድ አስተምረውናል። ነገር ግን ከዚህ መርህ ጎን ሌላም መርህ አስቀምጠዋል፤ በችግር ምክንያት የተፈቀደ ነገር የሚፈቀደው በችግሩ ልክ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ጉባኤ ይህንኑ በዝርዝር ወስኗል። ሴትን በቅድሚያ ሙስሊም ሴት ሐኪም ትመርምራት፤ ካልተገኘች የምትታመን ሙስሊም ያልሆነች ሴት ሐኪም፤ እርሷም ከሌለች ሙስሊም ወንድ ሐኪም፤ እርሱም ከታጣ ሙስሊም ያልሆነ ወንድ ሐኪም። ወንዱ የሚያየውም ለሕክምናው ያህል ብቻ ሲሆን፣ መሕረሟ ወይም ባሏ ወይም የምትታመን ሴት አብረው ሊገኙ ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የተባለው ስለሚያክማት ሐኪም ነው። ያቺ ሴት ታማለች፤ ችግሩ የራሷ ነው፤ ምርመራው የሚጠቅመውም እርሷን ነው። የተማሪው ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ዋናው ሐኪም መርምሮ ከጨረሰ በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው ተማሪ እየተተኩ ሲዳስሷት የእርሷ ሕመም በዚህ አይቀንስም። ችግሩ አለ፤ የኅብረተሰቡ ግን እንጂ የእርሷ አይደለም። ኅብረተሰቡ ነገ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሕክምናን መማርም በኡማው ላይ ፈርድ ኪፋያ ነው። ሆኖም የሁላችንን ዕዳ አንዲት የታመመች ሴት ብቻዋን፣ ያውም ሳትጠየቅ፣ በሰውነቷ እንድትከፍል ማድረግ ከየትኛው ፍትሕ የመጣ ነው? እርሷ ለተማሪው የምትሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይወሰድም።

አንዲት የጎረቤቴ እናት ተማሪዎች በሚለማመዱበት አንድ ሆስፒታል የደረሰባቸውን አጫውተውኝ ነበር። ሐኪሙ ስማቸውን እንኳ ሳይጠራ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፤ ከኋላው ስድስት ተማሪዎች ተከተሉት። ማን እንደሆኑ የነገራቸው የለም። «ቢጠይቁኝ ኖሮ» አሉኝ፣ «ለሁለቱ ሴቶች እሺ እል ነበር። ልጄም ነገ የምትወልደው በእነሱ እጅ አይደል? ግን እንደ ዕቃ አገላበጡኝ።» ከዚያን ቀን በኋላ ለተከታዩ ቀጠሮ አልተመለሱም። ያለ ፈቃድ የተገኘ ትምህርት ዋጋው ይኸው ነው። ተማሪው አንድ ነገር ተማረ፤ ሕመምተኛዋ ግን ከሕክምና ሸሸች።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ከተማ በሚገኝ የሴቶች ሆስፒታል ስለተፈጸመው በደል እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የምርመራ ሪፖርት፣ ማደንዘዣ በወሰዱ ሴቶች ላይ ያለ ፈቃዳቸው ተማሪዎች የማህፀን ምርመራ ይለማመዱ እንደነበር አጋልጧል። በአሜሪካ ፊላደልፊያ አካባቢ በ5 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ደግሞ ከተጠየቁት ተማሪዎች 90 በመቶዎቹ ማደንዘዣ በወሰዱ ሴቶች ላይ ይህን ምርመራ ማድረጋቸውን ገልጿል። የአሜሪካ መንግሥት ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለው ምርመራ የጽሑፍ ፈቃድ መቀበል እንዳለባቸው በግልጽ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የተኛች ሴት አታውቅም፣ አልተጎዳችም የሚሉ አልጠፉም። እኛ ግን ባለቤቱ ያላወቀው አማና ቢጎድል መጉደሉ እንደማይቀር እናውቃለን።

ሌላም የፍትሕ ጥያቄ አለ። ገንዘብ ያላት ሴት ወደ ግል ክሊኒክ ሄዳ የመረጠችው ሐኪም ብቻውን ያያታል። ተማሪዎች የሚከቧት አቅም አጥታ ወደ ማስተማሪያ ሆስፒታል የሄደችው ናት። ስለዚህ የሀብታሙም የድሃውም ሐኪም የሚማረው በድሃዋ ሴት አካል ነው። ቢያንስ ልትጠየቅና ልትመሰገን አይገባትም?

«ብትጠየቅ እምቢ ትላለች፤ ታዲያ ተማሪው ከየት ይማር?» የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሐኪሞች ካልሠለጠኑ የሚሞቱት እናቶቻችን ናቸው። ነገር ግን የሙያው ትምህርት ራሱ ምን ይላል? እጅህን አሙቅ፣ ጉልበቷን አሳጥፍ፣ ከሚያማት ቦታ ርቀህ ጀምር፣ ዓይንህ ፊቷ ላይ ይሁን ይላል። ይህ ሁሉ የሆድ ጡንቻ እንዲላላ ነው። የደነገጠችና ያፈረች ሴት ሆዷ ይጠጥራል፤ የጠጠረ ሆድ ደግሞ ለተማሪው እጅ ምንም አይነግረውም። ፈቃድ መጠየቅ እንግዲህ ለትምህርቱም ይበጃል። የመጀመሪያዎቹ ስሕተቶችም በሰው ላይ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ የላስቲክ አምሳያ ላይ ቢደረጉ ይሻላል።

እኛም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለንም። ከ1,000 ዓመት በፊት በአንዳሉስ የኖረው ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አዝ-ዘህራዊ የፊኛ ጠጠር ስላለባት ሴት ሲያስተምር፣ ለወንድ ሐኪም መገለጥ ያፈረችን ሴት ብልህ የሆነች ሴት ሐኪም ወይም አዋላጅ እርሱ እየነገራት በእጇ እንድትሠራላት መክሯል። የብሩናዩ ጉባኤም ሴቶች ሕክምናን፣ በተለይም የማህፀንና ፅንስን ዘርፍ፣ እንዲማሩ አሳስቧል። ከእኛ ግን ለሚስቱ ሴት ሐኪም ካልመጣች ብሎ ሆስፒታል በር ላይ የሚሟገት፣ ልጁን ግን ከአሥረኛ ክፍል አስወጥቶ የሚድር አባት አለ። ያቺ የሚፈልጋት ሐኪም ከማን ቤት እንድትመጣለት ነው የሚጠብቀው? ሌላው ሴት ልጁን ያስተምርልኝ፣ የሌላው ሚስት ሰውነቷን ለትምህርት ትስጥልኝ፣ የኔ ቤት ግን አይነካ ማለት ሐያእ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ከሁለት ወገን የሚጠበቅ ነገር አለ። አስተማሪው ሐኪም ተማሪዎቹን ከመጋረጃው ውጭ አቁሞ አስቀድሞ ብቻውን ይግባ። እነማን እንደሆኑ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚያደርጉ ይንገራት፤ እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል ያረጋግጥላት፤ እሺ ካለችም አብራት የምትቆም ሴት ትኑር። ማደንዘዣ የምትወስድ ከሆነ ሳትተኛ ትጠየቅ። እኛ ደግሞ ሴት ልጆቻችንን እናስተምር፤ በአግባቡ ስንጠየቅም ይህ ትምህርት ነገ ነፍስ የሚያድን መሆኑን እናስብ። በጎ ፈቃዷን የሰጠች ሴት ለማታውቃት እናት ሰደቃ ሰጥታለች፤ ይህን ሰደቃ ማንም በስሟ ሊሰጥላት አይችልም።

ወላሁ አዕለም።